ሃያኛው ካምፕ ላይ ሰለቸኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አንድ ኦፕን ወርልድ፣ ማለትም በሰፊ ዓለም ውስጥ እንደፈለጉ የሚዞሩበት፣ የአክሽን ጌም ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሁን ግን ማማ ላይ እወጣለሁ፣ ማፑ ይከፈታል፣ ምልክት በምልክት ይሆናል፣ ካምፕ ገብቼ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ እጥላለሁ፣ ሣጥን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደሚቀጥለው ማማ። ሃያኛውን ካምፕ ስይዝ በመሃል በመሃል ስልኬን እየነካካሁ ነበር። 40 ሰዓት ከተጫወትኩ በኋላ መተውም አሳዘነኝ። የሰለቸኝ ይሄ ጌም ነው ወይስ ጌም መጫወት ራሱ?

መልስ፦ ጌሙ ነው ወዳጄ። አንተ ምንም አልሆንክም።

ሰፊ ዓለም መሥራት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። በየሜዳው አዲስ የሚሠራ ነገር መፍጠር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ አንድ ካምፕ በደንብ ይሠራና ቦታው፣ ድንጋዩና ዛፉ እየተቀየረ ሃያ ጊዜ ይደገማል። እጅህ የሚሠራው ግን ያንኑ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አሳሲንስ ክሪድ የሚባለው ጌም ከተሞቹ ያምሩ ነበር፣ ደማስቆንና ኢየሩሳሌምን በጣሪያ ላይ መሮጥ እስከዛሬ ደስ ይለኛል፤ ግን ዘጠኙን ዒላማዎች ለመግደል እየዞርክ ወሬ ማዳመጥ፣ ኪስ ማውለቅ፣ አንዱን ደብድቦ ማናገር፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ነበር። ተጫዋቹም ተቺውም ያኔውኑ ተናግሮታል። በየቦታው 420 ባንዲራ ተበትኖ ነበር፤ ሁሉንም ለለቀመ ሰው ጌሙ ውስጥ የሚሰጠው ነገር አልነበረም።

ግን መደጋገም በራሱ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ኳስ ሜዳ ላይም ያንኑ ኳስ ነው የምንመታው፣ የማይሰለቸን ተጋጣሚው ስለሚቀያየርብን ነው። በ2014 የወጣው ሻዶው ኦፍ ሞርዶር ይሄ የገባው ጌም ነው። የገደለህ ኦርክ (ጭራቅ መሰል ጠላት) ማዕረግ ያገኛል። ስትመለስ ያስታውስሃል፣ ይሳለቅብሃል፣ አቃጥለኸው ያመለጠ ከሆነም ጠባሳውን ይዞ ይመጣል። ውጊያው ያው ውጊያ ነው፣ በመካከላችሁ ግን ቂም አለ፣ እና ያ ቂም ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። ያንተ ሃያ ካምፕ ግን አንድም ነገር አያስታውስም።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግባና የማፑን ምልክቶች አጥፋ፣ ብዙ ጌሞች ይፈቅዳሉ። ምልክት ሲጠፋ ዓይንህ ማፑን ትቶ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ቀጥሎ ካምፕ ጠረጋውን ተወውና ዋናውን ታሪክ ተከተል። እንደ 2018ቱ አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) ካልጨመርክ ወደፊት የማያስኬድ ከሆነ፣ የጎን ሚሽን ስትመርጥ ሰው የሚያናግርህን፣ የራሱ ታሪክ ያለውን ምረጥ። አንዳንዶች መሣሪያ ቀይር፣ ያለ ቀስት ግባ ይላሉ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ያው ነው።

መቶ ፐርሰንት መጨረስ የሚባለውንም እርሳው። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የሚባለው ጌም ውስጥ 900 የኮሮክ ዘሮች የሚባሉ የሚለቀሙ ነገሮች ተደብቀዋል፣ ዕቃ መያዣህን እስከ መጨረሻው ለማስፋት ግን 441 ይበቃሉ። 900ውን ለሚጨርስ የሚሰጠው ስጦታ ምንም አይጠቅምም። ሠሪዎቹ ያን ያህል የበተኑት በሄድክበት ሁሉ አንድ እንዲገጥምህ ነው እንጂ ስትለቅም እንድትከርም አይደለም።

40 ሰዓቱን በተመለከተ፣ እንቅልፍ የነሳህ ጊዜ እኮ ተደስተህበታል፣ እሱን ማንም አይወስድብህም። ታሪኩን ለመጨረስ ሞክር፣ እሱም ካልያዘህ ዝጋውና ሌላ ጀምር። ሴቩን (የደረስክበትን የያዘውን ፋይል) ብቻ አታጥፋው፣ ከወራት በኋላ ሊያምርህ ይችላል።