የዝናብ ውሃ ማቆር ሥልጠና አዘጋጅ ለመሆን ከየት ልጀምር?

ውድ ጠያቂያችን፣

በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳለዎት፣ ለጥቂት ዓመታት በመስክ ባለሙያነት እንደሠሩና ወደፊት በሥነ ምህዳራዊ ንድፍና በዝናብ ውሃ ማቆር ዙሪያ የሥልጠና መርሐ ግብር የሚያዘጋጁ ባለሙያ መሆን እንደሚፈልጉ ገልጸውልናል። ለዚህም ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቀድማል ወይስ አጫጭር ኮርሶች ይበቃሉ ሲሉ ጠይቀዋል።

የዲግሪው ጉዳይ ብዙ የሚያወያይ አይመስለኝም። ቀጣሪው እንደ መስፈርት ባስቀመጠው ጊዜ ይጠቅምዎታል፤ ሥልጠና የማዘጋጀትን ችሎታ ግን በራሱ አይሰጥምና አያጣድፍዎ። ከአጫጭር ኮርሶች መካከል በስፋት የሚታወቀው፣ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ካፈለቁት ፐርማካልቸር (ተፈጥሮን አርአያ ካደረገ የእርሻና የመኖሪያ ንድፍ ዘዴ) የመነጨው የ72 ሰዓት የንድፍ ኮርስ ነው። መሬትን፣ ውሃን፣ ዕፅዋትንና መኖሪያን እንደ አንድ ሥርዓት ማየትን ስለሚያለማምድ ቢወስዱት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምስክር ወረቀቱን በያዙ ማግስት ያንኑ ኮርስ እንደወረደ ለሌሎች መድገም በዚህ ሙያ ደጋግሞ የሚታይ ድክመት በመሆኑ፣ ከዚህ እንዲጠበቁ አሳስባለሁ።

በእኔ እምነት፣ የሥልጠና አዘጋጅ ሥራ የሚጀምረው ሠልጣኙ ወደ ቦታው ተመልሶ በእጁ የሚሠራው ምን እንደሆነ ከመለየት ነው። ግንበኛው የጋን (የውሃ ማጠራቀሚያ) ግድግዳና ልስን ውሃ እንዳያሰርግ አድርጎ መሥራትን ይፈልጋል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጣሪያና አሸንዳ ማጽዳትን፣ በማጠራቀሚያው ያለውን ውሃ ለደረቁ ወራት ማብቃቃትን ይሻል። ሁለቱን በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ ስለ ውሃ ዑደት ማስረዳት ለሁለቱም አይበጅም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከፊል ደረቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና አንድ ሚሊዮን ጋኖችን ለመገንባት ያለመው ፕሮግራም ይህን ልዩነት ያወቀ ነበር፤ የየአካባቢው ግንበኞች ለግንባታው ሲሠለጥኑ፣ ቤተሰቦች ስለ ውሃ አያያዝ የተለየ ሥልጠና ይወስዱ ነበር። እያንዳንዱ ጋን 16,000 ሊትር ይይዛል። ይህን ለአምስት ሰዎችና ለስምንት ደረቅ ወራት ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው በቀን 13 ሊትር ያህል ስለሚደርስ፣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ይበቃል፤ ለልብስ አጠባና ለአትክልት ከዋለ ግን ወራቱን አይዘልቅም። እንግዲህ ያለ ቤተሰቡ ሥልጠና ግንባታው ብቻውን ዓላማውን አይመታም ማለት ነው።

ስሌቱን ማስተማር ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝና ከዚያ 80 በመቶው ቢሰበሰብ፣ 33,600 ሊትር ይገኛል። ሠልጣኞች ይህን ቁጥር ሲያገኙ ወዲያው ያን ያህል የሚይዝ ታንከር ያስባሉ። የታንከሩን መጠን ለመወሰን ግን ዝናብ የማይኖርበት ጊዜ ርዝመትና የዕለቱ ፍጆታ ጭምር ይታያሉ፤ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 20 ሊትር እየተጠቀሙ 120 ደረቅ ቀናትን ለማለፍ የሚያስፈልጋቸው 12,000 ሊትር ነው። የተረፈው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ ደግሞ ወደ ሥነ ምህዳራዊ ንድፉ እንገባለን፤ የቤቱን መሠረት ሳይሸረሽር ወደ ዛፍ ሥር ወይም ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር) ተከትሎ ወደ ተሠራ እርከን መመራት አለበት። ሁለቱን ርዕሶች ለየብቻ ከሚያስተምር ሞጁል ይልቅ በዚህች ትርፍ ውሃ የሚያገናኛቸውን እመርጣለሁ።

ምዘናውን በወረቀት ፈተና አይወስኑት። ለምሳሌ ኮንቱር ለመቀየስ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ በሁለት ሰዎች ይያዛል፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ከመሬቱ እኩል ከፍታ ላይ ሲረጋ ሁለቱ ነጥቦች በአንድ ደረጃ ላይ ናቸው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ንባቡ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ዝናብ መጥቶ እርከኑን ሲሰብር ነው። እርስዎ ሆን ብለው አረፋ ያለበት ቱቦ ይስጧቸውና ማን ልብ እንደሚል ይመልከቱ። በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኋላ ያዘነበለ አሸንዳ፣ የነፍሳት ወንፊት የሌለው የታንከር አፍ፣ ዝናብ ሲጀምር ጣሪያውን አጥቦ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የማያስወግድ መስመር አዘጋጅተው ጉድለቱን እንዲፈልጉ ማድረግ፣ ማን ለሥራው እንደበቃ ከማንኛውም የጽሑፍ ጥያቄ ይበልጥ ያሳያል።

ይህን ዓይነት ምዘና መንደፍ የሚችለው ጉድለቱን በሥራ ላይ የሚያውቅ ሰው ነው። በመሆኑም ለአሁኑ የምመክርዎ፣ አነስተኛም ቢሆን አንድ የጣሪያ ውሃ ማቆሪያ ከግንበኛና ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆነው እንዲሠሩና ዝናባማውንም ደረቁንም ወቅት ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ እንዲከታተሉት፣ የውሃውን ከፍታ፣ የደለሉን መጠንና የተበላሸውን ሁሉ እንዲመዘግቡ ነው። ጎን ለጎንም ልምድ ባለው አሠልጣኝ ሥር በረዳትነት ይሥሩ፤ ደመወዙ ዝቅ ቢልም ሠልጣኝ የት ላይ እንደሚደናገር የሚያዩት በዚያ ነው። ከዚያ ለአንድ ዓይነት ሠልጣኝ ብቻ የሚሆን የሁለት ቀን ሞጁል ጽፈው በጥቂት ሰዎች ይሞክሩት፤ ከስድስት ወር በኋላም ወደ ሠልጣኞቹ ተመልሰው የሠሩትን ይዩና ሞጁሉን ያርሙ።

ለሥራ ሲያመለክቱ ከምስክር ወረቀቶችዎ ጋር የክፍለ ጊዜ ዕቅድዎን፣ የምዘና ቅጽዎንና ከዚያ የስድስት ወር ጉብኝት ያገኙትን የሚያሳይ አጭር ሪፖርት ያያይዙ። ድርጅቱ ውል ሲያቀርብልዎም የሠልጣኞችን ቁጥር፣ የተግባር ሥራ የሚሠራበትን ቦታና የክትትል ጉብኝቱን በጀት ሳይፈርሙ ይጠይቁ፤ ጉብኝቱ በውሉ ውስጥ ካልተካተተ በቀናት ብዛት ላይ ከመከራከር ይልቅ አንዱን የአዳራሽ ቀን በጉብኝት እንዲለውጡልዎ ሐሳብ ያቅርቡ።