ኬሚስትሪ ለመማር ለምታስቡ ልጆች

የጓደኛዬ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትጨርሳለች። ያደገችው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ሰሞኑን ደውላ «ጋሼ፣ ኬሚስትሪ ብማር ብድሬን የምከፍልበት ደሞዝ አገኛለሁ?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። የድሮ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ከዓመታት በፊት በመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ አንዲት ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር። እዚህ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ኤችፒኤልሲ የሚባል መሣሪያ አለን፤ ክኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ልኩን መያዙን የምናየው በሱ ነው። ፓምፑ ውስጥ አየር ሲገባ ግፊቱ ይዋዥቃል፣ ውጤቱም ይበላሻል። እኛ ነባሮቹ ስክሪኑ ላይ ስናፈጥ፣ እሷ ድምፁን ብቻ ሰምታ «አየር ገብቶበታል» ትል ነበር። ውጤት ከመስመር ከወጣ ምክንያቱን ሳታውቅ ቤቷ አትሄድም። ለምርምር የተፈጠረች ልጅ ነበረች።

የተማረችው ውድ የግል ኮሌጅ ነው። የመንግሥት ብድር አልበቃ ሲል ከባንክ ተጨመረ፤ አባቷ ዋስ ሆነው ፈረሙ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ስትመረቅ ያገኘችው ሥራ በኤጀንሲ በኩል የሆነ ኮንትራት ነበር። ባችለር ይዞ ለሚወጣ ኬሚስት ይህ የተለመደ መግቢያ ነው።

ከዚያ ለዶክትሬት አመለከተች፤ ተቀበሏት። በአሜሪካ ለኬሚስትሪ ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው አይከፍልም። ትምህርቱ በነፃ ነው፣ እያስተማራችሁ ወይም እየተመራመራችሁ ስታይፔንድ፣ ማለትም የመተዳደሪያ ገንዘብ፣ ታገኛላችሁ። ደብዳቤውን ምሳ ሰዓት ላይ አሳየችኝ። አንብቤ ሳልጨርስ ተነስቼ አቀፍኳት። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ «አልሄድም» አለች። የመንግሥቱ ብድር ትምህርት ላይ ሳለች ክፍያው ይቆምላታል። የባንኩ ግን ውሉ ሌላ ነው። ስታይፔንዱ ለቤት ኪራይና ለምግብ እንጂ ለባንክ አይተርፍም። እሷ ካልከፈለች የሚደወለው ለአባቷ ነው። «አባዬ ሌሊቱን ሲነዳ እያደረ እኔ ልማር?» አለች። ምን ይባላል? ዛሬ ቤት ታሻሽጣለች። ዕዳዋን ጨርሳለች፣ ገቢዋም ጥሩ ነው። እኔን ግን እስከ አሁን ያንገበግበኛል። ያ ጆሮ፣ ያ ትዕግሥት ለአንድ ፊርማ ሲባል ከላብራቶሪ ወጣ።

እኔ አራት ኪሎ ስማር ትምህርቱም፣ ዶርሙም፣ ምግቡም በመንግሥት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከካፌ የምንይዛት ዳቦና ሻይ አሁንም ትናፍቀኛለች። ኮስት ሼሪንግ፣ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ የሚጋራበት አሠራር፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ ነው። እሱም ቢሆን ከደሞዝ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ መምህር የሆነ ደግሞ በአገልግሎቱ ያካክሰዋል። ወላጆቻችሁ «ተማሪ፣ በኋላ ትከፍይዋለሽ» ሲሉ የሚያስቡት እንዲህ ያለውን ዕዳ ነው። የባንክ ብድር እንደዚያ አይደለም፤ ወለዱ ገና ክፍል ውስጥ ሳላችሁ መቁጠር ይጀምራል።

ስለ ደሞዙ ልንገራችሁ። በ2023 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው የኬሚስቶች መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 84 ሺህ ዶላር ግድም ነው፤ የኬሚካል ኢንጂነሮች 112 ሺህ ግድም። የዛሬ ልጆች ይህን ስልካቸው ላይ ያዩና ይወስናሉ። ትንሽ ቸኩላችኋል። በ84 ሺሁ ስሌት ውስጥ ዶክትሬት ያላቸውና ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች አሉበት። ገና የተመረቀ ልጅ ብድሩን በዚያ ቁጥር ማስላት የለበትም።

በየቤቱ «ፋርማሲ ግቢ» የሚለው ውትወታ ያናድደኛል። ኬሚስትሪ የምትወድ ልጅ ለምን ክኒን እንድትቆጥር ትገደዳለች? ግን እናቶቻችሁ ስሌት አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሙያ እንጀራ ነው። እነሱ የማይነግሯችሁ፣ የፋርማሲውን ዶክትሬት ከፍላችሁ ነው የምትማሩት፣ የኬሚስትሪው ግን ይከፍላችኋል። ደሞዝ አይታችሁ አትምረጡ ልላችሁ ነበር። ያቺን ልጅ ሳስብ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

በወላጅ ስር ያለ ተማሪ ለባችለር በስሙ ከመንግሥት መበደር የሚችለው በጠቅላላው 31 ሺህ ዶላር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 5,500። ለኬሚስትሪ ከዚህ በላይ የሚያስበድራችሁ ኮሌጅ ይቅርባችሁ። ወላጅ በስሙ የሚፈርምበት የመንግሥት ብድርም አለ። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺህ፣ በአንድ ልጅ በድምሩ 65 ሺህ ጣሪያ ተደርጎበታል። ጣሪያው ራሱ ለአንድ ታክሲ ነጂ ብዙ ነው።

የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ በሆነው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስል ፊታችሁ ይጠቁራል። ጓደኞቻችሁ ምን ይሉ ይሆን ብላችሁ ነው። ቤት እያደራችሁ የምትማሩት ጀነራል ኬሚስትሪ ግን ያው ኬሚስትሪ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪያችሁ ከነላብራቶሪው ስትዛወሩ እንደሚቆጠርላችሁ በጽሑፍ አስረግጡ። እዚያ ላይ ብዙ ልጅ አንድ ዓመት ይባክንበታል።

ከኮሌጅ የሚመጣላችሁ ደብዳቤ ስጦታውንና ብድሩን ደምሮ አንድ ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል። ለዩት። ከዚያ ለኬሚስትሪ ክፍሉ መምህራን ኢሜይል ጻፉ፤ አምና ባችለር ይዘው የወጡት የት እንደገቡ፣ ስንቱ ዶክትሬት እንደጀመረ፣ ተማሪ ከስንተኛ ዓመት ጀምሮ ምርምር ላብራቶሪ እንደሚገባ ጠይቋቸው። አትፈሩ፣ ተማሪ የሚፈልግ መምህር ይመልሳል። ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ አሁኑኑ ጻፉ።