የማሰሪያ ቀለበት ለካሶኒ፦ ዋናው ነገር ከስሩ ያለው ብረት ነው

ወንድማለም፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አሮጌ ሃይሉክስ አለህ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸናና ወደ ደጀን ሞተር ሳይክል፣ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ታመላልሳለህ። ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ውስጥ የማሰሪያ ቀለበት ልታስገጥም አስበህ፣ «ይበየድ ወይስ በብሎን ይታሰር? ስንት ይበቃል? የት የት ይሁን?» ብለሃል። እኔ ይህን ሥራ በራሴ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ አሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተነቅሏል። ሁለተኛው ስድስት ዓመት አልፎታል፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

መጀመሪያ አንድ በያጅ ጋ ወሰድኩት። ከ10 ሚሊ ፌሮ ቀለበት ጠምዝዞ፣ የካሶኒው ወለል ላይ አራት ቦታ በየደልኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። በእጄ ይዤ ብጎትተው ፍንክች አይልም። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ የወፍጮ ሞተር ጭኜ ከአዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር። ጎሃ ፅዮንን አልፌ ዓባይ በረሃን ቁልቁል ስወርድ ከፊቴ ያለ ከባድ መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ሞተሩ ተንሸራቶ የካሶኒውን የፊት ግድግዳ መታው። መኪናው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ዳር ይዤ ወርጄ አየሁ። የኋለኛው ግራ ቀለበት ከነብየዳው ተነስቷል። ብየዳው ግን ምንም አልሆነም፤ የተቀደደው ላሜራው ነው። የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያክል ክብ ቀዳዳ ትቷል። ጠርዙ እንደ ቆርኪ ጥርስ ወደ ላይ ተቀልብሷል። በቀዳዳው አስፋልቱ ይታየኛል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የካሶኒ ወለል ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንኳን ፌሮ፣ መርከብ የሚያስር ቀለበት ብትበይድበትም የሚይዘው ላሜራው የቻለውን ያህል ብቻ ነው። የሚቃጠልበት ሙቀት ደግሞ የብየዳውን ዙሪያ ያለውን ስስ ብረት የባሰ ያደክመዋል። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ፣ በብሎን አሳስረው፤ ከስሩም ወፍራም ብረት ይግባበት።

ጉልበቱን እንድታስበው ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው የጭነት ማሰር ደንብ፣ ማሰሪያው በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ ወደፊት፣ 50 በመቶ ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንዲችል ይጠይቃል። የእኔ የወፍጮ ሞተር በዚህ ስሌት ወደፊት ብቻ 160 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው። ዓባይ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ይጨምርበታል። ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ኮረኮንች የሚያስቸግረው የጎኑ ነው፤ መኪናው በተጋደመ ቁጥር ጭነቱ ይሄዳል።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ ከመኪናው ስር ግባ። ጋቢህን አንጥፍና በጀርባህ ተኛ፣ ችኮላ አያስፈልግም። ከወለሉ ስር ከጎን ወደ ጎን የሚሄዱ ወፍራም ተሻጋሪ ብረቶች ታያለህ። ቀለበቶቹ መቀመጥ ያለባቸው እነሱ ላይ ወይም ከእነሱ ጥግ ነው። በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ የነዳጅ ታንከሩ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውና የኋላ መብራት ገመዱ የት እንደሚያልፉ እይ። ይህን ሳያይ ከላይ የሚበሳ መካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ሂድ። የፍሬን ቱቦ ተበስቶ ቁልቁለት መውረድ ማለት ምን እንደሆነ ለደጀን መንገድ ሰው አይነገርም።

በመጀመሪያ በቀጭን ፑንታ (መብሻ)፣ በ4 ሚሊ ይበሳ። ቦታው ትክክል መሆኑን ከስር ካየህ በኋላ ይስፋ። ብሎኑ ግንዱ 10 ሚሊ፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለበት ይሁን። ቁጥር የሌለውን አትግዛ። ባለ 8.8ቱ አንዱ ብቻውን በቀጥታ ሲሳብ ከ3 ቶን በላይ ይችላል፤ ስለዚህ ብሎኑ አያሳስብህም። የሚያሳስበው ከስር የሚገባው ነው። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጥ። ጉልበቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የሚያካፍለው እሱ ነው። ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ከተደረገ ያው የእኔው ቀዳዳ ይደገማል። ዳዶው ናይለን ያለበት ይሁን፣ በንዝረት አይላላም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይስታል። ተሻጋሪው ብረት ውስጡ ባዶ ነው። በመሃሉ ብሎን አሳልፈህ ስታጠብቀው እንደ ቆርቆሮ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ደግሞ ብሎኑ ይላላል። በሁለተኛው ሥራ እኛ የታችኛውን ቀዳዳ ሰፋ አድርገን፣ ልክ የባዶው ቁመት የሆነ ቁራጭ ቱቦ አስገባን። ብሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ከስር ጠፍጣፋው ብረት ይዘጋዋል። ስታጠብቀው ጫናውን ቱቦው ይቀበላል። ለዚህች ቁራጭ ቱቦ የወጣው ወጪ ከሻይ አይበልጥም።

የቀለበቱን ዓይነት በተመለከተ፣ ባለ አንገት፣ እንደ ብሎን የሚጠመዘዘውን ቀለበት ተወው። እሱ የተሠራው ቀጥታ ወደ ላይ ለሚስብ ነገር ነው። በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሲሳብ ከሚችለው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ካሶኒ ውስጥ ደግሞ ማሰሪያ ሁሌም ዘንበል ብሎ ነው የሚሄደው። ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው፣ የሚተኛ ግማሽ ክብ ቀለበት ፈልግ። ባዶህን ስትሄድ ይተኛል፣ የእህል ጆንያም አይቀድም።

ቁጥሩ ላንተ ሥራ ስድስት ይበቃል። አራቱ በአራቱ ማዕዘን፣ ሁለቱ ከጎማ መሸፈኛው አጠገብ። ሞተር ሳይክሉን የፊት ጎማውን ከፊት ግድግዳ ጋር አስደግፈህ፣ ከመሪው በግራና በቀኝ ወደ ፊት ማዕዘኖቹ እሰር። የፊት ሞላው ትንሽ ዝቅ እስኪል ወጥረው፣ ግን እስከ መጨረሻው አትጨፍልቀው። ማሰሪያው ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ 30 ዲግሪ ከወረደ ወደ ታች የሚጫነው ማሰሪያው ከተወጠረበት ጉልበት ግማሹ ብቻ ነው። ከካሶኒው ውጭ ያሉት ትንንሽ ማንጠልጠያዎች ለሸራ ገመድ ናቸው፣ ጄኔሬተር አትመንባቸው።

ዝገቱን አትርሳ። በተበሳው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባ፣ ከመቀመጫው ስር ሲሊከን አድርግ። ማዳበሪያ የምትጭን ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን በውሃ እጠበው፤ ማዳበሪያ ብረት ይበላል። መበየድ ግድ ከሆነ ቀለበቱ በወፍራሙ ብረት ላይ ከመኪናው ውጭ ተበይዶ ይምጣና በብሎን ይታሰር። መኪናው ላይ ብየዳ የሚሞከር ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ታንከሩ አካባቢ ግን በፍጹም አይሞከር።

አባቴ ለገበያ አህያ ሲጭን አንድ ልማድ ነበረው። ጥቂት እንደሄደ፣ የመጀመሪያው ዳገት ግርጌ ሲደርስ ያቆማትና መጫኛውን እንደገና ያጠብቃል። ጭነት ሲሄድ ይረጋል፤ ሲረጋ መጫኛው ይላላል። የማሰሪያ ቀበቶም እንደዚያው ነው። እኔ ከተነሳሁ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ እቆማለሁ። ዓባይን ልወርድ ስል ደግሞ ደጀን ላይ ወርጄ ስድስቱንም በእጄ እየጎተትኩ አያለሁ። አምስት ደቂቃ ነው።

የካሶኒህን የስር ክፍል ፎቶ አንስተህ ብትለጥፈው፣ ተሻጋሪዎቹ የት እንዳሉ አይቼ የሚበሳበትን ቦታ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ። ፎቶው ላይ የፍሬን ቱቦው እንዲታይ አድርግ።