ዋጋ ወይስ እሴት?

ጥያቄ፦ ልጄ የኢኮኖሚክስ የቤት ሥራዋ ላይ «ውሃ ከአልማዝ የበለጠ ዋጋ አለው» ብላ ጻፈች። መምህሯ «ዋጋ» የሚለውን በቀይ ሰርዘው «እሴት» አሉት። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። መምህሯም አልተሳሳቱም፤ ይህን የምለው ግን ቅር እያለኝ ነው።

የኢኮኖሚክስ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ውሃና አልማዝ አንስቶ ነበር። ያለ ውሃ መኖር አይቻልም፤ በውሃ ለውጠው የሚያገኙት ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል። አልማዝ ብዙም አይጠቅምም፤ ግን ብዙ ያስገኛል። እንቆቅልሹ የተፈታው መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፦ ገበያ የሚተምነው ውሃን ሁሉ ሳይሆን የምትጨመረዋን አንዲት ብርጭቆ ነው፤ ውሃ በሞላበት ደግሞ አንዲት ብርጭቆ ብትጨመር ብዙም አትፈይድም። ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት ቃል ይፈልጋል፣ አንዱን ለጥቅሙ፣ አንዱን ገበያ ለሚቆርጠው፤ አልክድም። እኔን የሚቆጨኝ የቃሉ ምርጫ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ዋጋ በብር የሚቆጠር ነው፣ እሴት የማይቆጠር» ይላሉ። ከየት አመጡት? ማቴዎስ 5፥12 ላይ «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነውና» ሲባል የብር ወሬ አለበት? «ለአገሩ ዋጋ ከፍሏል» ስንልስ ደረሰኝ እንጠይቃለን? ስንት ብር የወጣበት ስልክ ሲበላሽም «ከእንግዲህ ዋጋ የለውም» ብለን መሳቢያ ውስጥ እንወረውረዋለን። ዋጋ ሁለቱንም ተሸክሞ ኖሯል፤ ከብዶኛል ብሎ አያውቅም።

እሴትስ? ግእዙ ዕሴት ነው፣ በዐይኑ ዕ። ዐሰየ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ብድር መለሰ፣ ከፈለ ማለት ነው። ዕሴትም ብድራት፣ ክፍያ ነው። እንግዲህ ወደ ገንዘብ የሚቀርበው የትኛው ሆነ? «አይቆጠርም» የተባለው ቃል «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ተብሎ በማኪያቶ ላይ 15 በመቶ ይታሰብብናል።

ለእኔ ቢተውልኝ ዋጋን ለጥቅሙ ትቼ፣ ገበያ ለሚቆርጠው «ተመን» እል ነበር። ተመን የዐረብኛው ሠመን ዘመድ ነው፤ እዚያም ዋጋ ማለት ነው። ግእዝማ ሤጥ የሚል የራሱ ቃል ነበረው። ሤጠ የሚለው ግሥ ነው ኋላ በእኛ አፍ ሸጠ የሆነው። (ከርዕሳችን ወጣሁ መሰለኝ።)

ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። ጉልት ላይ ጎንበስ ብዬ «የሽንኩርቱ ተመን ስንት ነው?» አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «መደቡን ነው አባባ?» አለችኝ። መደቡን ነው ብዬ ገዛሁ።

«የባህል እሴት»፣ «ማኅበራዊ እሴት»... አፍ ለምዶታል፤ አሁን ማን ይመልሰዋል? ልጅዎ ፈተና ላይ እሴት ብላ ትጻፍ። መምህሯ የማይሰርዙባት ከሆነ ደግሞ በዐይኑ ዕ።