«ያ ነገር» ስም አለው

ውድ ልጆቼ፣

ከ1980 እስከ 2014 ዓ.ም. ሥነ ሕይወት አስተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ፣ በኋላ አዲስ አበባ። ፎቶሲንተሲስን ሳስተምር አማርኛው ሞልቶ ይፈስልኝ ነበር። ከግቢው ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ፣ ፀሐይዋን በመስኮት አሳይቼ እንደ ተረት አስረዳ ነበር። የሰው ልጅ የመራቢያ አካላት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን አንድ የአማርኛ ቃል ከአፌ አይወጣም። የእንግሊዝኛውን ስም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን ከመጽሐፉ እንዲገለብጡ አዛለሁ፣ «የቀረውን ቤታችሁ አንብቡት» ብዬ እወጣለሁ። ተማሪዎቼ ስሞቹን ለፈተና ሸመደዱ። ስለ ገዛ ሰውነታቸው የሚናገሩበትን ቃል ግን አልሰጠኋቸውም። 9 ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በ10ኛው ዓመት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ሳምንት ቀርታ ተመለሰች። ምክንያቷን ለሴት ባልደረባዬ ነገረቻት፤ የመጀመሪያዋ የወር አበባ መጥቶባት ነበር። የተደበቀችው አሟት አልነበረም። እናቷ «ወንድ ነክቶሻል» እንዳትላት ፈርታ ነው። በዚያ አካባቢ ደሙ የሚመጣው ከወንድ ጋር በመገናኘት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። ቋንቋችን አበባ ብሎ የጠራውን ነገር ልጅቱ እንደ ወንጀል ማስረጃ ሸሸገችው።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ በር አጠገብ የካርቶን ሣጥን አኖርሁ፤ ስማችሁን ሳትጽፉ ጠይቁ አልሁ። ጥያቄዎቹን አልረሳቸውም። «አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ይረገዛል ወይ?» «የወር አበባዬ ገና አልጀመረም፤ ማርገዝ እችላለሁ?» የሁለቱም መልስ አዎ ነው፤ እንቁላል የሚለቀቀው የመጀመሪያው ደም ከመታየቱ በፊት ሊሆን ይችላልና። «ሌሊት በእንቅልፌ የሚደርስብኝ በሽታ ነው?» አይደለም፤ የጤነኛ ጎረምሳ ሰውነት ሥራ ነው። በአንዲት ከደብተር ጠርዝ በተቀደደች ወረቀት ላይ ደግሞ እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ «አጎቴ ያ ነገር ሲያደርገኝ ለማን ነው የሚነገረው?»

ያ ነገር። ልጅ የደረሰበትን ግፍ የሚጠራበት ስም አጣ። ጽሕፈቱን ከ60 ደብተር ጋር አስተያየሁት፤ ባለቤቱን አላገኘሁም። በማግሥቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ በአማርኛ፣ ሳልሸፋፍን፣ መደፈር ምን እንደሆነ፣ ጥፋቱ ፈጽሞ የልጁ እንዳልሆነ፣ ለማን እንደሚነገር ተናገርሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳቀ ተማሪ አልነበረም።

ስለዚህ በትምህርት ቤት የሥነ ተዋልዶ ጤና ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ተብሎ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ያቺ ወረቀት ትታወሰኛለች። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በብዙ ነገር እውነታቸውን ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታችን ነቅዟል፤ ውስጡን የበላውም ልጆቻችንን ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚለው ክርክር ቅን ሰዎች የሚናገሩት ነው። ነገር ግን ትክክል አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሕልመ ሌሊት፣ ማለትም በእንቅልፍ ዘር መፍሰስ፣ ምን እንደሆነ፣ ያ በደረሰበት ዕለት ለምን እንደማይቀድስ ገና ጢሙ ሳይበቅል ይማራል። ሩካቤ የሚለውን የባልና ሚስት ግንኙነት መጠሪያ ቃል የሰጠን የውጭ ድርጅት አይደለም። መድረሳ የሚቀራ ልጅ ስለ ጀናባ (ከግንኙነት ወይም ከዘር መፍሰስ በኋላ ስላለው ሁኔታ) እና ስለ ሐይድ (ስለ ወር አበባ)፣ ስለ ትጥበቱም ሥርዓት ሳያፍር ይጠይቃል፤ ኡስታዙም ሳያፍር ይመልሳል። ሁለቱም እምነቶች ለሰውነት ስም አላቸው። ስም ያጣው የእኔ ክፍል ነበር።

ወላጆቻችሁን ግን አትናቁብኝ። የሚፈሩት እኛን የማያውቅ ሰው የጻፈው ትምህርት በልጃቸው ደብተር እንዳይገባ ነው፤ ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው። መጽሐፉ ተከፍቶ ይታያቸው፣ ይተቹትም፣ ለልጁ ዕድሜ የማይገባው ይውጣ። አንዱ ስጋታቸው ግን በጥናት መልስ አግኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ ላይ የተገመገሙት ጥናቶች እንዲህ ያለው ትምህርት ወጣቶችን ቀድመው ወደ ግንኙነት እንደማይገፋፋ ያሳያሉ። «ታቀቡ» ብቻ ብሎ ማስተማር ደግሞ ያሰበውን ያህል አላዘገያቸውም። እኛም ይህን አይተናል። በፀረ ኤድስ ክበቦች ዘመን «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» እያልን ግድግዳውን በአፅም ሥዕል ሞላነው፤ መፍራትን አስተማርን፣ መጠየቅን አላስተማርንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ኤችአይቪ የተሟላ እውቀት የነበራቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል፤ አዲስ አበባ 3፣ አፋር 23 በመቶ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በኬፕታውን ከምሥራቅና ከደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ጋር የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርትን ለማዳረስ ቃል ገብታለች። ቃሉ ክፍል ውስጥ እስኪገባ ግን እናንተ ታድጋላችሁ፤ መጠበቅ አትችሉም።

ወንዶች ልጆቼ፣ በስልካችሁ የምታዩት የወሲብ ፊልም አስተማሪ አይደለም። የሚሠሩት ተዋንያን ናቸው፤ ተከፍሏቸው ወይም ተገደው። ከዚያ የተማረ ሰው የሴትን ዝምታ እሺታ ያደርገዋል። ዝምታ እሺታ አይደለም። እናንተ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ «ብትወጂኝ ኖሮ» ተብሎ የሚጀመር ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ ቦርሳችሁን አንሡ። ፍቅር ዕዳ የለበትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸምን ግንኙነት ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንም።

አንድ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙልኝ፤ 72። መድፈር ቢደርስ፣ ኮንዶም ቢቀደድ፣ ወይም ሳታስቡት ግንኙነት ብትፈጽሙ፣ እርግዝናን የሚከላከለው የድንገተኛ እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በፈጠነ መጠን የተሻለ ይሠራል። ፋርማሲ ሄዳችሁ ፖስትፒል የምትሉት ነው። ከኤችአይቪ ግን አያድንም፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ልጆች አሉ። ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት አለ። እርሱም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ የሚሰጠውም በጤና ተቋም ነው። የተደፈረ ሰው ከመታጠቡ በፊት ቢሄድ ለማስረጃው ይበጃል፤ ታጥቦም ቢሆን ግን ይሂድ።

በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለ። ስትገቡ «ያ ነገር» አትበሉ፤ የሆነውን በስሙ ጥሩት። ያገኛችኋት ነርስ ፊቷን ብታጠቁርባችሁ፣ የእናንተ ጥፋት አይደለምና፣ ወደ ቤት አትመለሱ፤ የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።