አምናለሁ፤ ተስፋ ማድረግ ግን ደከመኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታናሽ ወንድሜ ከታመመ ሁለት ዓመት አለፈው። ያልጸለይነው ጸሎት የለም። እግዚአብሔር እንደሚችል አምናለሁ። ይድናል ብዬ ተስፋ ማድረግ ግን ደክሞኛል። ዘመዶቻችን «እምነታችሁ ቢጸና ኖሮ ይድን ነበር» ይሉናል። አሁን ደግሞ የመጪው ዓመት የትምህርት ምዝገባ ደርሷል። ወንድሜ «አስመዝግቢኝ» ይለኛል፤ እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተስፋ የሌለው ሰው እምነት አለው ይባላል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ።

በመጀመሪያ ዘመዶችሽ ያሉሽን ከልብሽ አውጪው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ታዲያ ጳውሎስ እምነት ጎድሎት ነው እንበል? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው። ጌታ «ሂድና እምነትህ ሲሞላ ተመለስ» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። በሽተኛ ያለበት ቤት ገብቶ የሰው እምነት መለካት የማንም ሥራ አይደለም። በዚህ ንግግር ቆስለው ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ሰዎች አውቃለሁና ነገሩ ያንገበግበኛል።

መድኃኒቱንም እንዳታቋርጡ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል። አብሮት ይጓዝ የነበረው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እምነት «እግዚአብሔር አለ» ማለት ብቻ ቢሆን፣ ያዕቆብ እንደ ጻፈው፣ አጋንንትም ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጡማል። በአማርኛችን «ማመን» እና «መታመን» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ማመን ነገሩን እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው። መታመን ደግሞ በዚያ ባመንሽው ላይ ሸክምሽን ይዘሽ መደገፍ ነው። «አሜን»ም ከዚሁ ቤት ነው።

ተስፋስ? እስቲ ስለ ተስፋ እንዴት እንደምንናገር አስቢው። ተስፋ ይጣላል፤ «በአንተ ተስፋ ጥያለሁ» እንላለን። ተስፋ ይቆረጣልም። እንደ ገመድ ማለት ነው። የዕብራውያን መልእክትም በምዕራፍ 6 ተስፋን «የነፍስ መልሕቅ» ይለዋል። መልሕቅ ይጣላል፤ የሚይዘውም ዓይን በማያየው ጥልቅ ነው። ማዕበሉን ግን ጸጥ አያደርገውም። መርከቧ ትናወጣለች፣ ውኃ ይገባባታል፣ ውስጧ ያለው ሰው ያስመልሰዋል። ብቻ ተወስዳ አትጠፋም። አንቺም መናወጥሽን አይተሽ ገመዱ ተቆርጧል ብለሽ ደመደምሽ። እኔ የተቆረጠ አይመስለኝም። የተቆረጠበት ሰው ይህን ጥያቄ ተቀምጦ አይጽፍም።

ሁለቱን የሚለያቸው ይህ ነው፦ እምነት እግዚአብሔር የተናገረውን ያምናል፣ ተስፋ ደግሞ እርሱ ቃል የገባውን ይጠብቃል። የሃይማኖት ጸሎታችንን ልብ በይ። «እናምናለን» ብሎ ይጀምርና «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ወደሚለው ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው ክፍል እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ከተሰበሰቡት 150 ጳጳሳት ጋር የሚያያዝ ነው። አባቶች ተስፋችን የት እንደሚያርፍ ሲነግሩን ትንሣኤ ላይ አሳረፉት። «ወንድሜ ዘንድሮ ይድናል» የሚለው መልካም ምኞት ነው፤ እኔም አብሬሽ እመኘዋለሁ፣ እለምንበታለሁም። መልሕቁ ግን እዚያ ላይ አልተጣለም። ይድናል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ሠለስቱ ደቂቅ፣ የባቢሎን ንጉሥ ለምስሉ ካልሰገዳችሁ እሳት ውስጥ ትጣላላችሁ ያላቸው ሦስቱ ወጣቶች፣ በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉት፤ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። በዚያ «ባያድነን እንኳ» ውስጥ የቱንም ያህል ብፈልግ ተስፋ መቁረጥ አላገኘሁበትም።

ስለ ድካምሽ ደግሞ ወደ ኤማሁስ መንደር ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት አስቢ። ጌታ ከሞተ በሦስተኛው ቀን አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። እስራኤልን የሚቤዠው እርሱ እንደ ሆነ «ተስፋ አድርገን ነበር» ይላሉ። «ነበር»! ያለቀለት ነገር ነው ለእነርሱ። ይህን የሚነግሩት ግን ለማን ነው? አጠገባቸው ለሚሄደው ለራሱ ለተነሣው ጌታ። አላወቁትም እንጂ አልተለያቸውም። ስለዚህ መጸለይ ሲያቅትሽ «ተስፋ አድርጌ ነበር» ብለሽ ንገሪው። እርሱ ይህን ሰምቶ መንገዱን አላቋረጠም።

ምዝገባውን በተመለከተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባለች። ኤርምያስ ራሱ በንጉሡ ግቢ ታስሯል። ከተማዋ እንደምትወድቅ የተናገረውም እሱ ነው። በዚህ መካከል የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛ ይለዋል። ጠላት በሚረግጠው አገር ላይ መሬት! ኤርምያስ ግን በእግዚአብሔር ቃል ገዛው። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ። ውሉን ጽፎ አተመ፣ ምስክሮች ፈረሙ። ወረቀቱም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ። ደግሞ ልብ በይ፣ ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ጸልዮ «ከተማይቱ ተሰጥታ ሳለ እንዴት እርሻ ግዛ አልኸኝ?» የሚለው። ልቡ ገና ግራ እንደተጋባ ነው፤ እጁ ግን ብሩን መዝኖ ጨርሷል። ኋላም ወደ ግብፅ ወሰዱት። በዚያ እርሻ ላይ እንደ ኖረበት መጽሐፉ አይነግረንም።

ልብሽ እስኪጸና አትጠብቂ። ቅጹን አምጪና አልጋው አጠገብ ቁጭ በይ። ስሙን አንቺ ጻፊለት። ፊርማው ጋ ስትደርሺ እስክሪብቶውን ለእሱ ስጪው።