አቋራጭ ቁልፍ ወይስ የማውስ ሜኑ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ጸሐፊዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ሸዋ በር፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ)፦ መምህር፣ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና ውል ስጽፍ እውላለሁ፤ ለመቁረጥም ለመለጠፍም ሜኑ እከፍታለሁ። ቁልፎቹን መልመድ በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባል?

መልስ፦ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሁሉንም ለመሸምደድ አይድከሙ። በየገጹ የሚደጋግሟቸውን ይያዙ፦ ለመገልበጥ ኮንትሮል ሲ (ኮንትሮልን እንደያዙ ሲን መጫን ማለት ነው)፣ ለመቁረጥ ኮንትሮል ኤክስ፣ ለመለጠፍ ኮንትሮል ቪ፣ የተሳሳተውን ለመመለስ ኮንትሮል ዜድ። ከሁሉ በፊት ግን ኮንትሮል ኤስ ይቅደም፤ መብራት ሳያስጠነቅቅ ስለሚጠፋ አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ሰነዱን ሴቭ ያድርጉ። ኅዳግ እንደመወሰን ያለውን በሰነድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር በሜኑ ቢሠሩት ምንም አይጎድልብዎትም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ለምን ተመረጡ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። አራቱ ፊደላት በታችኛው ረድፍ በስተግራ ተከታትለው ስለሚገኙ ግራ እጅ ከቦታው ሳይርቅ ያዝዛል፣ ቀኝ እጅ ደግሞ በማውስ ይመርጣል። ይህ የሥራ ክፍፍል ከማውሱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ የማውስ ፈልሳፊው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን በአደባባይ ሲያሳይ ቀኝ እጁ በማውሱ ላይ፣ ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፎች ባሉት ትንሽ መሣሪያ ላይ ነበር። ቆርጦ መለጠፍን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያበጁት የኮምፒውተር ባለሙያው እነላሪ ቴስለርም በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ማውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው የሠሩት። ቁልፍንና ማውስን እንደ ባላንጣ የሚያይ ሰው አንዱን እጁን ሥራ ያስፈታል።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ታዲያ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ምን እንደሚጽፉና በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠሩ ሳይገልጹ እንዲህ ቢጠይቁኝ መልስ ልሰጥዎ አልችልም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦ በመመረቂያ ጽሑፌ ርእሶቹን አንድ በአንድ በማውስ እየመረጥኩ አድምቄያለሁ፤ ማውጫ ሳስገባ ግን ምንም አልወጣም።

መልስ፦ ማውጫው የሚሰበስበው የደመቀውን ሳይሆን በስታይል (በተዘጋጀ የጽሑፍ መልክ) ርእስ ተብሎ የተሰየመውን ነው። በወርድ ጠቋሚውን ርእሱ ላይ አድርገሽ ኮንትሮልንና ኦልትን እንደያዝሽ 1ን ተጫኚ፤ አንደኛ ደረጃ ርእስ ይሆናል፣ ለንዑስ ርእስ 2 እና 3 አሉ። መጠኑን ወይም ፎንቱን መቀየር ስትፈልጊ ስታይሉን አንድ ጊዜ ብታስተካክዪ ርእሶቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ብዙ ጽሑፍ ላይ የማየው ነገር አለ፦ አራት ነጥብን (።) ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት (፡፡) መጻፍ። ለዓይን ተመሳሳይ ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሆነ «።» ብለሽ ስትፈልጊ አያገኘውም። ኮንትሮል ኤች ብለሽ በላይኛው ሳጥን «፡፡»፣ በታችኛው «።» ጽፈሽ ሁሉንም ተኪ። ከመተካትሽ በፊት ግን ኮንትሮል ኤስ፤ ደግሜ እላለሁ።

አስተያየት (ኮምቦልቻ)፦ በወርድ ፐርፌክት፣ በድሮው የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ዘመን ትእዛዙ በኪቦርዱ ላይኛው ረድፍ ባሉት የኤፍ ቁልፎች ላይ ስለነበር ከኪቦርዱ በላይ የቁልፎቹ ማስታወሻ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ሽምደዳ ያወጣን ሜኑ ነውና ሊመሰገን ይገባል።

አስተያየት (ሰኞ ገበያ)፦ ወርድ 2007 ሲመጣ የለመድነው ሜኑ ከላይ ምልክቶች በተደረደሩበት በሪበን ተተካ፤ ኮንትሮል ሲ ግን ባለበት ቀረ። የትኛው ነው የሚታመነው?

አስተያየት (ኮምቦልቻ)፦ አዲስ ሠራተኛ ግን የሚያየውን እንጂ የማያየውን ቁልፍ ከየት ያውቀዋል?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ሌሎች እየጠበቁ ነው። ኦልትን ተጭናችሁ ብትለቁ በሪበኑ ላይ ትንንሽ ፊደላት ይወጣሉ፤ ሠራተኛው ሜኑውን እያየ በቁልፍ መሄድ ይችላል። ከዚያ አስጀምሩት።

ጥያቄ፦ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይደግማል የተባለው ኤፍ 4 በላፕቶፔ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል።

መልስ፦ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብረው ይጫኑ፤ ወይም ኮንትሮል ዋይ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ማውስ ስይዝ የእጄ አንጓ ያመኛል።

መልስ፦ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የቁልፎቹን ሙሉ ዝርዝር ይላኩልኝ።

መልስ፦ አልልክም፤ ዝርዝር ተቀብሎ የለመደ ሰው አላየሁም። ማውሱን በሚዘወትሩት ምልክት ላይ ሲያሳርፉ አቋራጭ ቁልፉ ይታያል፤ ዛሬ ደጋግመው የነኩትን አንዱን ይያዙ።